መስመር፣ ጥላ፣ ቀለም፦ የፎቶግራፍ ቅንብርን ከመሠረቱ መማር



ፎቶግራፍ አስተምራለሁ ስል ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቃው ውድ ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ መሳሳት የሚፈልግ የለም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ዕቃ የምለው ጥቂት ነው። የመጣሁት ስለ ቅንብር ልነግራችሁ ነው፤ ማለትም በፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ የገባውስ የት ይቀመጥ የሚለውን ስለ መወሰን። ይህ ውሳኔ በእጃችሁ ባለው ስልክም ሆነ በሙያተኛ ካሜራ ያው አንድ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምነግራችሁ ታሪክ የሚጀምረው ድሃ በሆነ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። በ1890ዎቹ፣ አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ኒውአርክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ክላረንስ ኋይት የሚባል ወጣት በአንድ የምግብ ሸቀጥ ጅምላ አከፋፋይ ቤት መዝገብ ይይዝ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ነበር፤ ግን ፎቶ የሚያነሣው ኬሚካል በተቀባ የመስታወት ሳህን ላይ ነው፣ አንዱ ሳህን ደግሞ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። የኋይት አቅም በሳምንት ከሁለት ሳህን በላይ አያስገዛም ነበር። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ያስባል። ባለቤቱን ወይም ዘመዶቹን የት እንደሚያቆማቸው፣ ልብሳቸው ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደሚዋጥ ወይም እንደሚለይ፣ መስኮቱ በየትኛው ሰዓት ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚያስገባ አስቀድሞ ያጠናል። ሳህኑን የሚያወጣው ሥዕሉ በአእምሮው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚህ ድህነት የወጡት ፎቶዎች በአሜሪካም በአውሮፓም ስሙን አስጠሩት።

በ1907 አርተር ዌስሊ ዳው የተባለ የሥነ ጥበብ መምህር ኋይትን ኒውዮርክ ወደሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ጠራው። ዳው ራሱ በ1899 «ቅንብር» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ በዘመኑ የነበረውን የሥዕል አስተማሪነት በግልጽ ይቃወማል። ተማሪ ዓመታት ሙሉ የፕላስተር ሐውልት እያየ ሲገለብጥ ይኖር ነበር፤ ቅንብር የሚነገረው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ከተነገረ። ዳው ይህን ገለበጠው። ከጃፓን የእንጨት ኅትመቶች ብዙ የተማረ ሰው ነበርና፣ ትምህርቱን በሦስት ነገሮች ጀመረ፦ በመስመር፣ በብርሃንና ጥላ አደላደል፣ በቀለም። ተማሪዎቹን ባዶ አራት ማዕዘን ያስነድፋቸዋል፤ በጥቂት ቀጥተኛ መስመሮች ክፈሉት ይላቸዋል፤ የተከፈሉት ቦታዎች እርስ በርሳቸው እስኪስማሙ ድረስ መስመሮቹን ያንቀሳቅሳሉ። ቀጥሎም አንዱን መልክዓ ምድር አንዴ በረጅም ቁመት፣ አንዴ በሰፊ ወርድ፣ አንዴ እኩል በሆነ አራት ማዕዘን ያቀናብሩታል። አንድ ዛፍና አንድ ወንዝ ከፍሬሙ ጋር ሲለዋወጡ ያያሉ።

ኋይት ይህን ለካሜራ አዋለው። በ1914 በኒውዮርክ የራሱን የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የዲዛይን ትምህርቱን እንዲሰጥ ያደረገው ፎቶ አንሺን ሳይሆን ማክስ ዌበር የተባለውን ሠዓሊ ነበር። በኋይት ሥር ከተማሩት መካከል ዶሮቲያ ላንግ፣ ማርጋሬት በርክ-ኋይትና ፖል አውተርብሪጅ ይገኛሉ። ላንግ በታላቁ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የተሰደዱ ገበሬዎችን ፊት አነሣች። በርክ-ኋይት የብረት ፋብሪካና የግድብ ግንብ አነሣች። አውተርብሪጅ በ1922 ያነሣው ዝነኛ ፎቶ ደግሞ በዳማ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ነጭ የሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። የኮሌታው ጥምዝ በጥቁርና ነጭ ካሬዎች መካከል ይዞራል፣ ዓይንም አብሮት ይዞራል። ለንግድ ማስታወቂያ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ዛሬ ግን የሚኖረው በሙዚየም ነው።

እነዚህን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ የምጠራው ሥራቸው ስለማይመሳሰል ነው። «ሕግ ካስተማራችሁን ሁላችንም አንድ ዓይነት ፎቶ እናነሣለን» የሚል ሥጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሥጋቱ ስለ ሕግ ከሆነ እውነት ነው። የዳውና የኋይት ትምህርት ግን ሕግ አልነበረም። ተማሪው ዓለምን የሚያይበትን መሠረታዊ ነገር አስጨበጡት፤ ምን እንደሚልበት የወሰነው ራሱ ነው።

ስለ ሕግ ካነሣን፣ በስልካችሁ መስታወት ላይ የሚታየውን ወደ ዘጠኝ ቦታ የሚከፍል መረብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሰውየውን ከመስመሮቹ መገናኛ ላይ አቁመው» ይባላል። ይህ የሦስት ክፍልፍል ምክር ከካሜራ ይቀድማል፤ ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1797 ስለ ገጠር ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስም የጠራው ነው። ጀማሪ ሁሉንም ነገር መሐል ላይ እንዳይተክል ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን እንድታምኑት አልመክርም። ሰው ትክክለኛው መገናኛ ላይ ቆሞ ከኋላው ካለው ጨለማ ግድግዳ ጋር ሊዋጥ፣ የመብራት ምሰሶም ከራሱ ላይ ሊበቅል ይችላል። መረቡ ይህን አይነግራችሁም።

ይህን የሚነግራችሁ ምን እንደሆነ ላሳያችሁ፤ አንድ ፎቶ ቀስ ብለን እንይ። በ1907 ክረምት መግቢያ ላይ ፎቶ አንሺው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በሚጓዘው «ካይዘር ቪልሄልም ሁለተኛ» መርከብ ተሳፍሮ ነበር። የተሳፈረው በአንደኛ ማዕረግ ነው። የባለጠጎቹ ወሬ አሰለቸውና ወደ መርከቡ ፊት ሄዶ ቁልቁል ሲመለከት፣ በርካሹ ማዕረግ የሚጓዙትን ሰዎች አየ። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፣ የተሰጣ ልብስ። ኋላ ሲያስታውሰው ግን በመጀመሪያ የዘረዘረው ሌላ ነገር ነው፦ ክብ የሆነ የሣር ባርኔጣ፤ ወደ ግራ ያዘነበለ ጭስ ማውጫ፤ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ደረጃ፤ ሥዕሉን ለሁለት የሚቆርጥ፣ ሰንሰለት የታጠረበት ነጭ መሸጋገሪያ፤ ከታች የቆመ ሰውዬ ጀርባ ላይ የተጠላለፈ ነጭ የሱሪ ማንጠልጠያ። እነዚህ ቅርፆች እርስ በርስ ሲነጋገሩ አየ፤ ከሥራቸውም ስለ ሕይወት የነበረውን ስሜት አገኘ። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ የቀረው ያልተነሣበት ሳህንም አንድ ብቻ ነበር። ሮጦ ሲመለስ ባለ ባርኔጣው ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም። ቢነቃነቅ ኖሮ ሥዕሉ አይኖርም ነበር።

ባርኔጣው ላይ ትንሽ እንቆይ። ከላይኛው ሰገነት ላይ ካሉት ሰዎች መካከል ፊቱን ያዞረ፣ ቁልቁል ያጎነበሰ አንድ ሰው ነው። ባርኔጣው በፎቶው ውስጥ ካሉት ብሩህ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዙሪያው በጨለማ ልብስ የተከበበ ነው። ዓይናችን በመጀመሪያ እዚያ ያርፋል፤ ሰውየው ወደ ታች ስለሚያይ እኛም አብረን ወደ ታች እንወርዳለን፤ ነጩን መሸጋገሪያ አልፈን ሴቶቹና ሕፃናቱ ዘንድ እንደርሳለን። ወደ ታች የወሰደን አንድ ክብና አንድ የእይታ አቅጣጫ ነው። ይህን ፎቶ ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች አድርጎ ይወስደዋል። መርከቡ ግን ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነበር፤ ሰዎቹ አሜሪካን ለቀው የሚመለሱ ናቸው። ሰው ታሪኩን አሳስቶ እንኳ ሥዕሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ያቆመው አደራደሩ ነው።

እኛ ስናይ ግን እንዲህ አናይም። ዓይናችን ስም ይጠራል፦ እናቴ፣ ቤታችን፣ ቡናው፣ መኪናው። ለኑሮ ይህ ይበጃል፤ መንገድ ስንሻገር የመኪናውን ቅርፅ ስናደንቅ ብንቆም እንገጫለን። ካሜራው ግን ስም አያውቅም። የሚያገኘው ብሩህና ጨለማ ቦታ፣ ጠርዝና ቀለም ብቻ ነው። እናታችሁን አነሣችሁ፤ ፎቶው ላይ የወጣው ግን ከጀርባዋ ያለው ደማቅ ቢጫ ጀሪካን ሆነ። እናንተ ያያችሁት እሷን ነው፤ ካሜራው እኩል ያያቸዋል፣ ከዚያም ደማቁ ያሸንፋል። ቅንብር መማር ማለት ለኔ ይህን ልዩነት መዝጋት ነው፤ ካሜራው የሚያየውን ቀድሞ ማየት።

መስመርን በአጭሩ ላንሣ። በ1932 ፎቶ አንሺው ሄንሪ ካርቲየ-ብሬሶን በደቡብ ፈረንሳይ ኢዬር ከተማ ከደረጃ አናት ላይ ቆሞ ያነሣው ፎቶ አለ። የብረቱ መደገፊያ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ የመንገዱም ጠርዝ ይጠመዘዛል፤ በዚያ ጥምዝ መውጫ ላይ ብስክሌተኛ እየበረረ ያልፋል። ደረጃውና መንገዱ ቀድሞም የነበሩ ናቸው፤ የጎደለው ብስክሌተኛው ብቻ ነበር። ካርቲየ-ብሬሶን በወጣትነቱ ከሠዓሊው አንድሬ ሎት ዘንድ ሥዕል የተማረ ሰው ነው፤ የዚያ ትምህርት አሻራ እዚህ ይታያል። እኛ ከተማ ውስጥ ለመስመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቀላል ባቡሩ ድልድይ አለ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ አለ፤ የግንባታ ባሕር ዛፍ መወጣጫ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ አለ። ሽቦው የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ የዕለት ፈተና ነው። በሰው አንገት ላይ ካለፈ ፎቶውን ይቆርጠዋል፤ ዝቅ ብትሉ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብትሄዱ ግን ያው ሽቦ ከማዕዘን ተነሥቶ ወደ ሰውየው የሚወስድ መንገድ ሊሆን ይችላል። ወገባችሁንና ጉልበታችሁን ማንቀሳቀስ ሌንስ ከመቀየር ይቀድማል።

ስለ ቅርፅ የምለው፣ አንድ ነገር በቅርፁ የሚታወቀው ጠርዙ ከኋላው ሲለይ ነው። ጀበናን ከአናቷ ላይ ሆናችሁ ብታነሷት ክብ ጥቁር ነገር ትሆናለች። ከጎን፣ ዝቅ ብላችሁ፣ ብሩህ መስኮት ከኋላዋ አድርጋችሁ አንሷት፤ አንገቷ፣ እጀታዋ፣ አፏ ይወጣሉ፤ ማንም ሳይነገረው ያውቃታል። አሁን ስኒዎቹን ጨምሩ። አንዱ ስኒ የጀበናዋን ሆድ ጠርዝ በትንሹ የነካ እንደሆነ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ የማይገባ ቅርፅ ይሆናሉ። ወይ በደንብ ይደራረቡ፣ ወይ በመካከላቸው ብርሃን ይለፍ። ይህ የጣት ስፋት ውሳኔ ነው። ለቡድን ፎቶም ያው ነው፤ የአንዱ ትከሻ የሌላውን ጆሮ እንዳይበላ ማየት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በድሮው ሥዕል ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ምእመን ማን ማን እንደሆነ ከፊቱ አቀማመጥ ብቻ ይለያል። ፎቶ አንሺም ሰውን ፊት ለፊት ወይም በጎን ሲያነሣ ተመሳሳይ ውሳኔ እያደረገ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳያስበው።

ብርሃንና ጥላ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በሌላ አገር የተጻፉት መጻሕፍት እዚህ ላይ ለእኛ በቂ አይደሉም።

አንደኛው ጉዳይ ፀሐያችን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እዚህ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች። የአውሮፓ መጻሕፍት የሚያወድሱት ለስላሳው የማለዳና የማታ ብርሃን እዚያ ለረጅም ሰዓት ይቆያል፤ እኛ ጋ ይቸኩላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያየነው ወርቃማ ብርሃን 2 ሰዓት ሳይሞላ ጠንካራ ሆኗል። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች፤ ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ። ሠርግ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው። ሙሽሮቹን ፀሐይ ላይ አቁሞ «ዓይናችሁን ክፈቱ» ማለት ጭካኔ ነው። ወደ በረንዳ ጠርዝ፣ ወደ ትልቅ ዛፍ ጥላ ወሰድ አድርጋችሁ፣ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ሰማይ እንዲሆን አድርጓቸው። ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ግን ሰማዩ ራሱ እንደ ትልቅ መስኮት ያበራላቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቆዳችንና ልብሳችን ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል። ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ጥቁር ግድግዳ ከሞላው ደግሞ ያበራል፤ ያን ጊዜ ነጠላው ወረቀት መስሎ ይቀራል፣ የጥበቡ ክር፣ የሽመናው መስመር ይጠፋል። የዛሬ ስልኮች ፊት ፈልገው ያገኛሉ፣ ቢሆንም ጠይም ፊት ከነጭ ልብስ ጋር ሲመጣ ዛሬም ይደናገራሉ። ይህ ችግር የኖረ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የፊልም ኩባንያው ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ማሽኑ ለእሷ ቆዳ ተስተካክሎ የሌሎቻችን ፊት በጥቁር ጭቃ ውስጥ ሲቀር፣ ጥፋቱ የተነሺው መሰለ። ጥፋቱ የተነሺው አልነበረም። ይህን አጥብቄ የምናገረው እናቶቻችን «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» ሲሉ ስለምሰማ ነው። ይወጣላችኋል። ፊትን ስልኩ ላይ ነክታችሁ የብርሃኑን ምልክት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ በፊት ግን ሰውየውን አዙሩት። ከበር መግቢያ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ገላውን ትንሽ ወደ ጎን። ጠይም ቆዳ በጎን ብርሃን ሲነካ ጉንጩ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ የአፍንጫው ጫፍ ላይ የሚያብለጨልጭ ብርሃን ይይዛል፤ ይህ ውበት በፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታ ይጠፋል።

ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ነገሩ ምን እንደሚመስልም ይወስናል። ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 አንድ ቃሪያ በቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ አፍ ውስጥ አስቀምጦ አነሣ፤ ከቆርቆሮው የሚንጸባረቀው ብርሃን ቃሪያውን ከየጎኑ ዞሮት ጡንቻ ያለው ገላ አስመሰለው። ከገበያ የመጣ ቃሪያ ነው። እኛ ቤት እንጀራ አለ። ከላይ ሆናችሁ በአምፖል ብታነሱት ጠፍጣፋ ግራጫ ክብ ነው። መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ፣ ብርሃኑ በአግድም እንዲነካው ብታደርጉ፣ እያንዳንዱ ዓይን በአንድ ወገኑ ጥላ፣ በአንድ ወገኑ ብርሃን ይይዛል፤ ልስላሴው በጣት የሚዳሰስ ይመስላል። ስለ ልስላሴና ሻካራነት የሚባለው ትምህርት በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ፦ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ድግግሞሽን ስትለማመዱም ያው ነው፤ የመሶብ ስፌት፣ የተደረደረ ጡብ፣ የሸክላ ሻጭ ድስቶች። ድግግሞሹን ካገኛችሁ በኋላ የሚሰብረውን አንድ ነገር ፈልጉ።

ቀለም ብዙ ሰው የሚያምነው፣ ጥቂት ሰው የሚቆጣጠረው ነገር ነው። መርካቶ ሁሉም ቀለም አለው፤ ስለዚህ የመርካቶ ፎቶ ብዙ ጊዜ ምንም ቀለም የሌለው ያህል ይሆናል፣ ሁሉም ይጮሃልና። አይዳ ሙሉነህ እንዴት እንደምትሠራ ተመልከቱ። በ1974 አዲስ አበባ የተወለደች፣ በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት»ን የመሠረተች ፎቶ አንሺ ናት። በ2018 «የውሃ ሕይወት» የሚለውን ተከታታይ ሥራዋን በአፋር ዳሎል ስታነሣ፣ የመረጠቻቸው ቀለሞች ጥቂት ናቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። የሴቶቹ ልብስ ያለ ጥለት፣ ሰፊና ወጥ ቀለም ነው። ዳሎል ራሱ ጨውና ማዕድን የቀባው መሬት ነው፤ አንድ ሰው ቀይ ለብሶ እዚያ ሲቆም ከሩቅ ይጠራል። ውሃ ለመቅዳት ስለሚደክሙ ሴቶች የሚናገር ሥራ ነው፤ ግን በተለመደው የድህነት ፎቶ ቋንቋ አይናገርም። ቀለሙና የሰዎቹ ቀጥ ያለ አቋቋም ክብራቸውን ይዘው ያቆሟቸዋል። ለእኔ ይህ ዲዛይን ቁምነገር የሚናገርበት አብነት ነው፤ አደራደሩን ብታነሱት የሚቀረው ዜና ብቻ ነው። እናንተም መንገድ ላይ ስትወጡ አንድ ቀለም ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ሰማያዊ ይሁን። ታክሲው፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የተማሪ ዩኒፎርሙ፣ የሊስትሮው ሣጥን። ማታ ስትመለሱ ሰማያዊ ከየትኛው ቀለም አጠገብ ሲቆም እንደሚበራ፣ ከየትኛው አጠገብ እንደሚሞት ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ የምናገረው ስለ ቦታና ስለ ጠርዝ ነው። ባዶ ቦታ የተረሳ ቦታ አይደለም፤ ከሰው ጎን የተተወ ሰማይ ብቸኝነቱን ወይም ነፃነቱን ሊናገር ይችላል። ፎቶ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ላይ ነው። የኋይት ተማሪ የነበረችው ዶሮቲያ ላንግ በመጋቢት 1936 ካሊፎርኒያ ኒፖሞ ውስጥ፣ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ቦታ፣ ድንኳን ሥር የተቀመጠች እናትን አነሣች። ከሩቅ ጀምራ እየቀረበች ጥቂት ፎቶ አነሣች። በመጀመሪያዎቹ ውስጥ ድንኳኑ፣ ዕቃው፣ ባዶው መሬት ይታያል። በመጨረሻው ላይ ሁለቱ ልጆች ፊታቸውን አዙረው እናታቸው ትከሻ ላይ ተደግፈዋል፤ ሕፃኑ ጉያዋ ውስጥ ነው። ልጆቹ ፊታቸው ቢታይ ኖሮ ዓይናችን ለሦስት ይከፈል ነበር። ጀርባቸው ስለሆነ ሁለት ጨለማ ክብ ቅርፅ ሆነው አንዱን ፊት ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል፤ የእናቲቱ ክንድ ደግሞ ከታች ተነሥቶ ጉንጯ ላይ ያበቃል። በቀኙ ታችኛ ጠርዝ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አንድ አውራ ጣት ነበር። ላንግ ያ ጣት ስላስቸገራት በኋላ ኔጋቲቩ ላይ እንዲደበዝዝ አስደረገች። የታሪክ ማስረጃ ሆኖ የሚቆይ ፎቶ መነካት የለበትም ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ እኔም የነሱን ወገን እይዛለሁ። ቢሆንም ነገሩ አንድ ነገር ያሳየናል፦ ያን ያህል ታላቅ ፊት መሐል ላይ ተቀምጦ፣ የሠለጠነች ዓይን ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት ጣት ማለፍ አልቻለችም።

ወደ ልምምዱ ልምጣ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አታስቡ፤ አእምሮ ይጨናነቃል፣ ሰውየውም ጠብቆ ይሰለቻል። ሳምንቱን ለአንድ ነገር ብቻ ስጡት። በመስመር ሳምንት ፎቶው ያማረ ባይሆንም ግድ የለም፤ መስመር ይኑርበት። በብርሃንና ጥላ ሳምንት ስልካችሁን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩ፤ ቀለም ሲሄድ ምን እንደቀረ ታያላችሁ። ከማንሣታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ በሽፋሽፍታችሁ መካከል ተመልከቱ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቆቹ ብሩህና ጨለማ ቦታዎች ይቀራሉ፣ ሥዕሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ያነሣችሁትን ፎቶ ገልብጣችሁ እግሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ ስሙ ይደበዝዛል፣ ሚዛኑ ይወጣል። ለሕፃናትም ይሠራል፤ እንዲያውም ከትልልቆቹ ይልቅ ይፈጥናሉ፣ ነገሮችን በስም መጥራት ገና አልለመደባቸውምና። በትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ያላችሁ መምህራን እዚህ ካላችሁ፣ ካሜራ እስኪገዛ አትጠብቁ። ከካርቶን መሐል የተቀደደ አንድ ትንሽ መስኮት ይበቃል፤ ልጁ በዚያ እያየ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ዝቅ፣ ከፍ ይበል።

አሁን የዳውን ልምምድ በእጃችን እንሞክረው። በየወንበራችሁ ላይ በ«L» ፊደል ቅርፅ የተቆረጡ ሁለት ጥቁር ካርቶኖች አሉ። ሁለቱን ስትገጥሟቸው የፈለጋችሁትን ስፋትና ቁመት ያለው ፍሬም ይሆናሉ። ከቤት ይዛችሁ እንድትመጡ የተነገራችሁን የታተመ ፎቶ አውጡና ካርቶኖቹን ላዩ ላይ አንሸራቱ። መጀመሪያ ከቀኝ ጠርዝ ትንሽ ቁረጡ፣ ከዚያ ከላይ፣ ከዚያ ረጅም አድርጉት፣ ከዚያ ሰፊ። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የክርስትና ፎቶ መሆኑን ለጊዜው ተዉት። ዓይናችሁ ቀድሞ የት እንዳረፈ፣ ከዚያም ወዴት እንደሄደ ለጎረቤታችሁ ንገሩ፤ እሱም ያየውን ይንገራችሁ፣ ሁለታችሁ ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ አለመስማማቱን ወደ መድረኩ ይዛችሁት ኑ። ፕሮጀክተሩ ተዘጋጅቷል። ከማን እንጀምር?